የድንብላል አደራ

ሥራዬ የግብርና ባለሙያ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ልኮራባችሁ አይደለም፤ ወረድ ብላችሁ ስታነቡ እንድታፍሩልኝ ነው። ያውም መካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞርኩ፣ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ እንዳይበላሽ ገበሬውን የማሰለጥን ሰው ነኝ። እህሉ እንዳይነቅዝ፣ ድንቹ እንዳይበሰብስ፣ ሽንኩርቱ እንዳያቆጠቁጥ ምን መደረግ እንዳለበት ትልቅ ወረቀት ላይ በቀይ እጽፍና ዛፍ ላይ ሰቅዬ አስረዳለሁ። ገበሬው በትዕግሥት ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ስልጠናው ሲያልቅ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ ራስህ ድንች አስቀምጠህ ታውቃለህ?" ብለው ጠየቁኝ። ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ዛሬ ሳስበው ሰውየው ነገን የሚያዩ ወልይ ሳይሆኑ አልቀሩም።

የማወጋችሁ ስለ ድንች አይደለም። ስለ አንድ መደብ የድንብላል ቅጠል ነው።

"ድንብላልማ ፍሬው ነው እንጂ ቅጠሉን ማን ይፈልገዋል" ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በእኛ ቤት ድንብላል ማለት በርበሬ ሲዘጋጅ ከሌላው ቅመም ጋር ተቆልቶ የሚገባ፣ ሲያሻም ዳቦ ሊጥ ውስጥ ጣል የሚደረግ ፍሬ ነው። ቅጠል እንዳለው ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው፤ እዚያም ያየሁት ሥዕሉን ነው። ነገሩ የተለወጠው እህቴ ዘይነባ ከኩዌት ስትመለስ ነው።

ዘይነባ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ስሟን አልጠራም፣ እታለም ነው የምላት። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ምግብ ስታበስል ኖራለች። እኔን ያስተማረችኝ፣ የእናታችንን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው፣ ሳሎናችን ውስጥ የቆመውን ፍሪጅ ያስገዛችን እሷ ናት። የመጣች ዕለት ሰፈሩ በሙሉ እየገባ፣ "አልሀምዱሊላህ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ" አላት። "አሚን" አለች። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ አልተናገረችም። እናታችን "እዚያ እንዴት ነበር?" ስትላት "ደህና ነበር" ትላለች። እኔ "ምን ትበሉ ነበር?" ስላት "ምግብ" ትለኛለች። ደሴ ያለ፣ ሴቶችን ወደ ዐረብ አገር የሚልክ አንድ ደላላ በየሳምንቱ ይደውልላታል። ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ስትመለስ እኛ አንጠይቃትም፣ እሷም አትነግረንም። እናቴ ግን ያን ቀን መልሳ ትሄዳለች ብላ ስትሰጋ ትውላለች።

እንዲህ ባለው ሰሞን አንድ የገበያ ቀን ዘይነባ አንድ ጣሳ ድንብላል ገዝታ መጣች። እናቴ በርበሬ ልታዘጋጅ መስሏት ደስ አላት። እሷ ግን ፍሬውን በመዳፏ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ለሁለት ለሁለት ከፈለችው፤ ውሃ ውስጥ አሳደረችው፤ በማግሥቱ ጓሮ ከቧንቧው አጠገብ አንድ መደብ ቆፍራ ዘራችው። እኔ ወገቤን ይዤ ራስጌው ላይ ቆምኩና፣

"ርቀቱ ትንሽ ጠበብ ብሏል" አልኳት።

"እሺ" አለችኝ። ምንም አልቀየረችም።

ወር ተኩል ሳይሞላው መደቡ አረንጓዴ ለበሰ። ዘይነባ "ኩዝበራ" ትለዋለች፤ እዚያ ስሙ እንደዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ ትላለች፤ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ በጣቶቿ አሽታ ታሸታለች። አንድ ቀን ለእናታችንም ዘረጋችላት።

"እስቲ አሽቺው፣ እማ።"

እናቴ አሸተተች። ፊቷ እንዳይጨማደድ ስትታገል አየኋት።

"እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው ልጄ። ትንሽ ትኋን ትኋን ይላል እንጂ ጥሩ ነው።"

ዘይነባ ሳቀች። ደግሞም በዚያው አፏ እንዲህ አለች፦ "እሑድ ሳምንት የሰፈሩን ሴቶች ምሳ እጠራለሁ። በሌለሁበት ዱዓ ሲያደርጉልኝ፣ እማን ሲጠይቁልኝ የኖሩ ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንዲበላ ሥጋ አላስገባበትም፤ ሩዝና ምስር አድርጌ፣ በኩዝበራና በቃሪያ የሚሠራ ማባያ አለ፣ እሱን እሠራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ለሰው ሳበስል ኖሬ አንድ ቀን ለራሴ ሰው ላብስል።"

ከመጣች ጀምሮ ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ሰምተናት አናውቅም። እናቴ ወደ እኔ አየች፣ እኔም ወደ እናቴ። የዚያ ድንብላል ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ዋና ጉዳይ ሆነ።

ሆኖም ምሳው ስድስት ቀን ሲቀረው ኩታበር ያለችው አክስታችን ታመመች ተባለ። ዘይነባ ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ሄደች። ካርታ ላይ ካያችሁት ኩታበር ይህን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ሰው ግን ደሴ ደርሶ፣ መኪና ቀይሮ፣ ወገቡን አጥቶ ነው የሚደርሰው። ማክሰኞ ከሰዓት ደወለችልኝ። አክስታችን ተሽሏት ቁጭ ብላለች፤ እሷ ግን እስከ ቅዳሜ አትመጣም። ከዚያ ስለ ኩዝበራው ጀመረች።

"ስወጣ ሳየው አበባ ሊይዝ ነው። አበባ ከያዘ ቅጠሉ ይመራል። ስለዚህ ዛሬውኑ…" ስልኩ ተቆራረጠ። "…ንቀለው። በመቀስ…" ጠፋች። ተመለሰች። "…ጠበው። ሶፍት… ፍሪጅ… ሰማኸኝ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ድገምልኝ እስቲ።"

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን ይደግማል። ወይም "ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ" ይላል። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። "እታለም፣ ይሄ እኮ እንጀራዬ ነው፤ ለገበሬው ሁሉ የማስተምረው ይሄንኑ ነው። አብሽሪ" አልኳት። እሷም "አደራ" አለችኝ። "አደራ" የሚለው ቃል ጥርት ብሎ ተሰማ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ሄድኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ንቀለው ብላኛለች፣ ነቀልኩት። አንድ ሳላስቀር፣ ከነሥሩ፣ ከነጭቃው። እናቴ ከበር ላይ ሆና ስታየኝ ቆየች።

"ከሥሩ ነው እንዴ የሚነቀለው?"

"እሷ ናት ያለችው፣ እማ።"

"እንግዲህ እሷ ካለች።"

መቀስ ያለችው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙም አልተቸገርኩም፤ ሥሩን ለመቁረጥ ነዋ። ሥር ሥሩን ቆርጬ የሚንጠባጠበው ቧንቧ ሥር ከመርኩት። ቅጠሉን በሳፋ ውሃ ዘፈዘፍኩት። አንድ ጊዜ ባጥበው ጭቃ ሆነ፤ ሁለተኛ ባጥበው ደፈረሰ፤ በሦስተኛው ውሃው ጠራ። እንደ ነጠላ ጨመቅሁት። ሲጨመቅ አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ እጄ ነግሮኝ ነበር፤ እጄን ማን ይሰማዋል። ከዚያ ጆንያ ላይ ፀሐይ አሰጣሁትና ሶፍት አምጥቼ ቅጠል በቅጠል እጠርግ ጀመር። አንድ ጥቅል ሶፍት አልቆ ገና አንድ እፍኝ አልጠረግሁም።

የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ በግ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ልከላከል ተነሳሁ። በጓ ግን ጠጋ ብላ አሸተተችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ዞራ በገባችበት ወጣች። ለቅጠሉ ደስ አለኝ፤ ለራሴ ግን ትንሽ ከፋኝ።

ቀጥሎ ፍሪጁ ነው። ስለ ፍሪጃችን ትንሽ ልንገራችሁ። ዘይነባ ያስገዛችልን ሰሞን ለአንድ ሳምንት ያህል ሠርቷል። ከዚያ መብራት መጣ ሄደ ሲል እናቴ ነቀለችውና ሌላ ሥራ ሰጠችው፤ አይጥ የማይገባበት ቁም ሳጥን ሆነ። ከላይኛው መደርደሪያ የክት ልብሷ፣ መሃል ላይ የቤቱ ወረቀትና ስኳር፣ ከታች አትክልት በሚቀመጥበት ሳሙና አለ። በሩ ላይ እንቁላል በሚደረደርበት ጉድጓድ የክር ጥቅሎቿ በቀለም በቀለም ተደርድረዋል። ይህን ሁሉ ሳወጣ ቁጭ ብላ አየችኝ።

"የት ሊገባ ነው ይሄ ሁሉ?"

"ለአራት ቀን ነው፣ እማ። ለእታለም ስትይ።"

"ለእሷ ከሆነ እሺ። ስኳሩን ግን ከፍ አድርገው።"

ፍሪጁን ሰካሁት፤ አጉረመረመ፣ ሠራ። ውስጡ ከአንድ እስከ ሰባት የተጻፈበት መዘውር አለ። በየትኛውም ነገር ሰባት ከአንድ ይበልጣል ብዬ ሰባት ላይ አደረግሁት። ቅጠሉን እንደረጠበ በሦስት ፌስታል ከፈልኩት፤ አየር እንዳይገባ አፋቸውን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። ሁለቱን ከመደርደሪያው ላይ ከጀርባው ግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥኩ፤ አንዱ አልበቃ ሲለኝ በሩ ላይ፣ ከክሮቹ ቦታ ወሸቅሁት። ለዘይነባ "ሁሉም ነገር በሚገባ ተጠናቅቋል" ብዬ መልእክት ላክሁላት። መሥሪያ ቤት ሪፖርት የምጽፈው እንደዚያ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሳየው ሁለቱ ፌስታሎች ደርቀው ድንጋይ ሆነዋል። ሲያንኳኩት ይጮሃል። በረዶ ሆነ ማለት አይበላሽም ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ፤ የስልጠና ጽሑፋችንም እንደዚያ ይላል። አራት ሰዓት ላይ የሰፈራችን መብራት ጠፋ። ለምሳ ስመጣ በረዶው ቀልጧል። ፌስታሉን ስፈታው ውስጡ ያለው ቅጠል አይደለም፤ ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ፣ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልነግረው የማልደፍረው ነገር ነው። አንዱን አፈሰስኩ፣ ሁለተኛውን ፈታሁ፤ እሱም የመጀመሪያው ወንድም ነው።

እናቴ ከጎኔ ቆማ አየችው። ብዙ አስባ፣ "እኔስ ሦስት ዓመት ልብሴን አስቀምጬበት አንድ ቀን አልበሰበሰም" አለች።

በሩ ላይ ያስቀመጥኩት ሦስተኛው ፌስታል ግን ጠወለገ እንጂ በሕይወት ነበር። አላህ ለቂልም መውጫ አያሳጣውም ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ሙያው ያልሠራውን ቪዲዮ ይሥራው። አንዲት ሴት ፈገግ እያለች የድንብላል ቅጠል ከትፋ፣ ከዘይት ጋር ለውሳ፣ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ውስጥ ሞልታ ፍሪዘር ትከታለች፤ ወሩን ሙሉ አንድ አንድ እያወጣች ወጥ ውስጥ ጣል ነው። ስድስት ጊዜ አየሁት። ሐሙስ ከሥራ ቀርቼ ከተፍኩ። ነጭ ሽንኩርትም ጨመርኩበት። ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርት አላለችም፤ ግን እኔ ሰው ያለውን ብቻ ማድረግ የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መች ይመጣ ነበር።

የፍሪጃችንን ሁለት የበረዶ መሥሪያዎች ጢም አድርጌ ሞላሁ። መብራት ግን አልመጣም። ስለዚህ ሁለቱን በጨርቅ ሸፍኜ፣ እንደ ታቦት እየተጠነቀቅሁ አስፋልቱን ተሻግሬ ሰይድ ጁስ ቤት ወሰድኳቸው። ሰይድ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ ጄኔሬተርና ትልቅ ፍሪዘር አለው። ሰው ሲያስተናግድ ነበር፤ ሳያይ በእጁ ወደ ፍሪዘሩ ጠቆመኝ።

"አደራ ሰይድ። የእህቴ ነው።"

"አብሽር፣ ወላሂ እንደ ዓይኔ ነው የማየው።"

እውነቱን ለመናገር ሰይድ ዓይኑ ሩቅ አያይም።

ዓርብ ከዞኑ መሥሪያ ቤት ሦስት እንግዶች መጡ። የመስኖ ማሳ አስጎበኘናቸው፤ ፀሐይና አቧራ ጠጥተን ከተማ ስንመለስ ኃላፊዬ፣ "ቀዝቃዛ ነገር እንጠጣ" አለና ሰይድ ቤት ገባን። ትልቋ እንግዳ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አቮካዶ አሉ። ሁሉም አቮካዶ አለ። በተዋረድ ነው የምንጠጣው።

ብርጭቆዎቹ መጡ። አረንጓዴ ናቸው፤ አቮካዶም አረንጓዴ ስለሆነ መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ከብርጭቆዬ አፍ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ነገር ቀስ ብሎ ብቅ አለ። ጎኑ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ አለው። የከተፍኩትን ነጭ ሽንኩርት አወቅሁት፤ ሰው የወለደውን አይስትም።

ቀና ስል እንግዳዋ በማንኪያ አፋቸው አድርሰውታል። ልጮህ አሰብኩ። ምን ብዬ? "ይቅርታ፣ የሚበሉት የእህቴን አደራ ነው" ይባላል? እሳቸው ቀስ ብለው አጣጣሙ። ሁላችንም አፋቸውን አየን።

"ነጭ ሽንኩርት አለበት?" አሉ በመጨረሻ።

ኃላፊዬ ሰይድን ጠራው። ሰይድ መጣ፤ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "ሚስቴ የምታቀዘቅዘው አቮካዶ መስሎኝ ነው፣ አፉ በለኝ" አለኝ። ኃላፊዬ ሰይድ ሲንሾካሾክ አይቶ፣ "ምን አለህ? የእኛ ባለሙያ እስቲ ያብራራልን" አለ።

አብራራሁ። ድንብላል እንደሆነ፣ ቅጠሉ እንደሚበላ፣ ለሆድ እንደሚስማማ፣ በዘይት ተለውሶ ሲቀዘቅዝ እንደሚቆይ ተናገርኩ። ድምፄ የስልጠና ድምፅ ሆነ፤ ቀይ እስክሪብቶና ዛፍ ብቻ ነው የጎደለኝ። እንግዳዋ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ወደ ሰይድ ዞሩ።

"ጨው አላችሁ?"

ጨው መጣ። ሎሚ ጠየቁ፣ ሎሚ መጣ። ከዚያ ዳቦ አሉ። ዳቦውን ቆርሰው ጁሱ ውስጥ እያጠቀሱ መብላት ጀመሩ። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ተያዩ፣ ዳቦ ቆረሱ። ኃላፊዬም ቆረሰ። ኃላፊ ከቆረሰ ባለሙያ ይቆርሳል፤ እኔም ቆረስኩ። አደራ በላ ሲባል የሰማሁት ሁሉ ምሳሌ ይመስለኝ ነበር፤ በዳቦም እንደሚበላ ያን ቀን አወቅሁ። መናገር ባይኖርብኝም ልናገር፣ ይጣፍጣል።

"ድገሙን" አሉ እንግዳዋ።

ሰይድ ደገመን። አመሻሽ ላይ ሁለቱን የበረዶ መሥሪያዎች በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ባዶ ናቸው። አጥቧቸዋል።

ቅዳሜ ረፋድ ገበያውን በሙሉ ዞርኩ። የድንብላል ቅጠል ብላቸው ቅመም የሚሸጡት ሴቶች ፍሬውን እየዘገኑ፣ "ይሄ አይሻልህም?" ይሉኛል። አንዷ ለምን እንደፈለግሁት ጠይቃኝ ስነግራት፣ "እህትህ ናት ወይስ ሚስትህ?" አለችኝ። እህቴ ናት ስላት፣ "እህት ይቅር ትላለች" አለች። ይቺን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ከገበያ ያተረፍኩት እሷን ብቻ ነው።

ዘይነባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። እናቴን ሳመች፣ የአክስታችንን ሰላምታ አደረሰች፣ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተልኳት። ባዶውን መደብ አየችው። አንድም የቆመ ነገር የለም፤ ያረስኩት ይመስላል።

"የት ሄደ?"

ነገርኳት። ስለ ሳፋው፣ ስለ ሰባት ቁጥሩ፣ ስለ ጥቁሩ ነገር፣ ስለ ዞን እንግዶች፣ ስለ ዳቦው። አንድ አላስቀረሁም። ስጨርስ፣ "አፉ በይኝ፣ እታለም። ግን እኮ ንቀለው፣ እጠበው ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አልኳት።

"አትንቀለው ነው ያልኩህ" አለች ረጋ ብላ። "አትንቀለው፣ በመቀስ ከላይ ከላዩ ቁረጠው፣ ሥሩ መልሶ ያበቅላል አልኩህ። አትጠበው፣ ውሃ ከነካው ይበሰብሳል፣ ደረቁን በሶፍት ጠቅልለህ ፍሪጅ አስቀምጠው አልኩህ።"

እንግዲህ ኔትወርኩ ዋናውን፣ "አት"ን፣ በልቶታል። ሁለቱንም ጊዜ። የቀረውን የበላሁት እኔ ነኝ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ። መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። እናቴ ከበሩ አልወጣችም፤ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ደላላው ቢደውልስ? ይህቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ የፈለገችው አንድ መደብ ቅጠል ነው፤ እሱንም አጠፋሁባት።

ዘይነባ ግን ቧንቧው ሥር ወደከመርኩት ነገር እያየች ነበር። ተነስታ ሄደች። ያ ቆርጬ የጣልኩት ሥር አራት ቀን ውሃ ሲንጠባጠብበት ቆይቶ ነጭ እንደሆነ አለ። አንዱን አነሳች፣ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው፣ ሰበረችው፣ አሸተተች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

"ማሊ ብታየው" አለች።

"ማሊ ማናት?" አልኳት።

"አብራኝ የምትሠራ ሴት ነበረች። ከሩቅ አገር ናት፣ ከምሥራቅ፤ መርከብና ዓሣ ያለበት አገር። ቋንቋዋን አላውቅም፣ ቋንቋዬን አታውቅም፤ በተሰበረ ዐረብኛ ነበር የምናወራው። ቅጠሉን ለእነሱ ማዕድ እንከትፋለን። ሥሩን ጣሉት ይሉናል። ማሊ ግን አትጥለውም፣ ከሳሙናው ዕቃ ጀርባ ትደብቀዋለች። እነሱ ከበሉ በኋላ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ወቅጣ ለሁለታችን ትሠራዋለች። ወጥ ቤት ቆመን በደረቅ ዳቦ እንበላለን። ከሁሉ የሚጣፍጠው ሥሩ ነው፣ ሞኞች ናቸው ትለኛለች።"

እናቴ ከበሩ ወጣች። መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"እናት አላት?" አለች።

"አላት። በየሳምንቱ ስታወራት ታለቅሳለች። እኔ ጀርባዋን አሻታለሁ፤ እኔ ሳወራሽ ደግሞ እሷ ጀርባዬን ታሸኛለች።"

እናቴ ከክምሩ አንድ እፍኝ አንስታ ማጠብ ጀመረች። እኔም ልይዝ እጄን ስዘረጋ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አዩኝ፤ መልሼ ሰበሰብኩ። ውሃ ቅዳ ተባልኩ፣ ቀዳሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሥር ሲፍቁ ዘይነባ ስታወራ ነበር። ስለ ማሊ፣ ስለ ሕንፃው ሊፍት፣ ክረምት ላይ ስለሚመጣው የአሸዋ ነፋስ፣ አንድ ቀን ሩዝ አሳርራ ማሊ "እኔ ነኝ" ብላ ቁጣውን ስለ ተቀበለችላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ "ደህና ነኝ" ስትለን የኖረችውን፣ ሥር እየፋቀች ዘርዝራ ነገረችን። እናቴ አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ፊቷን በሻሿ ትጠርጋለች። ሥሩ ንጹሕ ሆነ።

እሑድ ሴቶቹ መጡ። ሳሎኑ ሞልቶ ጓሮ ድረስ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሩዙ መጣ፣ ምስሩ መጣ፣ ከዚያ በትንሽ ሳህን ያ በሙቀጫ የተወቀጠው ሥር መጣ፤ በቃሪያና በሎሚ አረንጓዴ ሆኗል። ሽታው ከቅጠሉ ይበረታል። እትዬ ብርቄ በትንሹ ቀመሱ። ደገሙ።

"ይሄ ምንድን ነው ዘይነባ?"

"ሥር ነው፣ እትዬ።"

"የምን ሥር? መድኃኒት ነው?"

"የድንብላል ነው። ወንድሜ ነው ነቅሎ ያዘጋጀልኝ።"

ሴቶቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረው መረቁኝ። አንዷ፣ "የተማረ ሰው መቼም ሌላ ነው፤ እኛ ብንሆን ቅጠሉን በልተን ሥሩን እንጥል ነበር" አለች። ዘይነባ ሩዝ እየጨለፈች ጎንበስ አለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እኔ "አሚን" እያልኩ ምርቃቱን ተቀበልኩ። ያልለፋሁበትን ምርቃት ስቀበል የመጀመሪያዬ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ዘይነባ ጓሮ ናት። በነቀልኩት መደብ ላይ ደግማ ቆፍራ፣ ከአጠገቡ ሁለተኛ መደብ ጀምራለች። እናቴ ፍሬውን በመዳፏ ትፈትጋለች። ስልኩ ጠራ፤ ማን እንደሆነ ሁላችንም ከሰዓቱ አወቅን። ዘይነባ ወደየትም አልሄደችም፤ ጭቃማ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እዚያው ፊታችን አነሳችው።

"አሁን አይመቸኝም፣ እየዘራሁ ነው" አለችው። ሰውየው የሆነ ነገር ተናገረ። "አይ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ እዘራለሁ" አለችና ዘጋችው።

እናቴ መፈተጓን አላቆመችም፤ እጇ ግን ፈጠነ። እኔም ዙሪያውን ሳይ፣ ዘይነባ ከመደቦቹ ዳር ዳር ካስማ እየተከለች መሆኗን አየሁ።

"የምን አጥር ነው? ዶሮ የለንም እኮ" አልኳት።

"ላንተ ነው" አለችኝ ቀና ሳትል።

ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ካስማ አቀበልኳት። መሥሪያ ቤት አርፍጄ ገባሁ።